ተራ አስከባሪው ወደ ቺፑ ሲገባ

ቀኑ ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 20፣ 1969። ኒል አርምስትሮንግና በዝ አልድሪን "ንስር" በተባለችው መንኮራኩር ወደ ጨረቃ እየወረዱ ናቸው። ከጨረቃ ወለል 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እያሉ የማስጠንቀቂያ መብራት በራ፤ በኮምፒውተሩ ሰሌዳ ላይም 1202 የሚል ቁጥር ወጣ። ሁለቱም ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አያውቁም። ሂዩስተን በሚገኘው መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ደግሞ ጉዳዩ የወደቀው በ26 ዓመቱ ስቲቭ ቤልስ ላይ ነበር። ከጀርባ ሆኖ የሚረዳው ጃክ ጋርማን ዕድሜው 24 ነው። አዎ፣ 24! ጋርማን የማስጠንቀቂያ ቁጥሮቹን ዝርዝር በእጁ ጽፎ አጠገቡ አስቀምጦት ነበርና በሰከንዶች ውስጥ "ቀጥሉ" የሚል መልስ ተሰጠ። ከማረፋቸው በፊት ማስጠንቀቂያው በድምሩ 5 ጊዜ መጣ፤ አራቴ 1202፣ አንዴ 1201።

ታዲያ ኮምፒውተሩ ምን እያለ ነበር? በእኛ አነጋገር "ሥራ ተደራረበብኝ፤ አዲስ የመጣውን የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም" ነው የሚለው። ይህን የሚናገረው በውስጡ ያለ አንድ ፕሮግራም ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ እሱ ስለሆነ ስም ላውጣለት፦ ተራ አስከባሪ። ታክሲ ተራ ላይ የትኛው ታክሲ አሁን እንደሚጭን፣ የትኛው ቆሞ እንደሚጠብቅ የሚወስነውን ሰው ታውቁታላችሁ አይደል? ራሱ አይነዳም፣ ራሱ አይሳፈርም። እሱ ከተሳሳተ ግን መንገዱ በሙሉ ይቆለፋል።

ተራ አስከባሪ በስልካችሁም ውስጥ አለ። ስልክ ላይ ሲዘገይ ቪዲዮው ይንቀራፈፋል፣ እናንተ ትበሳጫላችሁ፣ አለቀ። በመኪና ፍሬን፣ በልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ፣ በፋብሪካ ሮቦት ውስጥ የተሰወሩት ትንንሽ ኮምፒውተሮች ግን ሕጋቸው ሌላ ነው። ወተት እሳት ላይ ጥዳችሁ ታውቁ ይሆናል። ከገነፈለ በኋላ እየሮጡ መድረስ ምን ይጠቅማል? ሪል ታይም የሚባለው ሥራ እንዲህ ነው፤ መልሱ ትክክል ቢሆንም እንኳ ዘግይቶ ከመጣ እንደ ስህተት ይቆጠራል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ሪል ታይም ማለት "በጣም ፈጣን" ማለት አይደለም፤ "ሁልጊዜ በሰዓቱ" ማለት ነው። 99 ጊዜ በ1 ማይክሮሰከንድ ደርሶ አንዴ በ500 ከሚመጣ ይልቅ ሁልጊዜ በ50 የሚደርሰው ይመረጣል።

ችግሩ የሚጀምረው ተራ አስከባሪው ራሱ ፕሮግራም መሆኑ ላይ ነው። ፕሮግራም ለመሥራት ፕሮሰሰር ይፈልጋል፤ ያለው ፕሮሰሰር ደግሞ አንድ ነው፣ እሱም ሌሎቹ ሥራዎች የሚሻሙበት ያው ራሱ ነው። አንድ መንገድ ብቻ አለ እንበል፤ ተራ አስከባሪውም የሚያስበው መንገዱ መሃል ቆሞ ነው። እሱ እስኪወስን አንድም ታክሲ አያልፍም። ስለዚህ መሐንዲሶች ለ50 ዓመታት ሲያብሰለስሉት የቆዩት ጥያቄ ይህ ነው፦ ይህን ሰውዬ ከመንገዱ ላይ አንስተን የራሱን ቦታ ብንሰጠውስ? ማለትም ውሳኔው በፕሮግራም መሆኑ ቀርቶ ለዚሁ ብቻ በተሠራ ኤሌክትሮኒክ ወረዳ፣ በሃርድዌር ቢሰጥስ?

ወደ ጨረቃዋ እንመለስ፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ትምህርት እዚያው አለ።

የአፖሎን ኮምፒውተር የሠሩት የኤም.አይ.ቲ. ሰዎች ናቸው። ሊጻፍበትና ሊጠፋ የሚችለው ማኅደረ ትውስታው 2,048 ቃል ብቻ ነበር፤ ፕሮግራሙ ያለበት ቋሚ ክፍል ደግሞ 36,864 ቃል። ይህ ቋሚ ክፍል በእጅ የተሸመነ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? ሽቦው በትንንሽ ማግኔታዊ ቀለበት ውስጥ ካለፈ 1፣ ከጎኑ ከሄደ 0። ሸማኔዎቹ የፋብሪካ ሴቶች ነበሩ። ተራ አስከባሪውን የነደፈው ሃል ላኒንግ የሚባል ሰው ሲሆን ሐሳቡ ለጊዜው እንግዳ ነበር። ሥራዎችን በቋሚ ሰልፍ ከማስኬድ ይልቅ ለእያንዳንዱ ሥራ የአስፈላጊነት ቁጥር ሰጠ። አንዱ ሥራ እየሄደ ሳለ በየመሃሉ "ከእኔ የሚበልጥ መጥቷል?" ብሎ ይጠይቃል፤ ከመጣ ቦታውን ይለቃል።

በነገራችን ላይ ይህን ጥያቄ መጠየቅ የረሳ ሥራ ቢኖርስ? ለዚያም የተመደበ ወረዳ ነበር፤ ስሙም "የሌሊት ዘበኛ"። ለተወሰነ ጊዜ ጥያቄው ካልተጠየቀ ኮምፒውተሩ ተንጠልጥሏል ብሎ ያስነሳዋል። እንግዲህ ተራ አስከባሪውን የሚጠብቅ ሃርድዌር ያኔም ነበረ ማለት ነው።

1202 ለምን መጣ ታዲያ? እዚህ ላይ ታሪኩ ይገርማል። ኮምፒውተሩ ከውጭ መሣሪያዎች የሚመጡ ምቶችን ይቆጥራል፤ ለምሳሌ የራዳር አንቴና በትንሹ በዞረ ቁጥር አንድ ምት ይመጣል። ይህን ቆጠራ በፕሮግራም መሥራት ጊዜ ስለሚፈጅ ንድፍ አውጪዎቹ ለሃርድዌር ሰጡት። ምት ሲመጣ ወረዳው የሚሮጠውን ፕሮግራም ለአንድ የማኅደረ ትውስታ ዑደት፣ ለ11.7 ማይክሮሰከንድ ገደማ፣ ያዝ ያደርገውና ቁጥሩን ጨምሮ ወይም ቀንሶ ይለቀዋል። ፕሮግራሙ መቆሙን እንኳ አያውቅም። ብልህ ዘዴ ነው፤ እኔም ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር።

በዚያ ቀን ግን ከዋናው መንኮራኩር ጋር ለመገናኘት የሚያገለግለው ራዳር በርቶ ነበር፤ የመቆጣጠሪያ ማዞሪያውም ቁጥጥሩን ለኮምፒውተሩ በማይሰጥ ቦታ ላይ ነበር። ሁለት የኤሌክትሪክ ምንጮች ድግግሞሻቸው እኩል ሆኖ ሳለ ምታቸው ስላልገጠመ፣ ያልተንቀሳቀሰው አንቴና ለኮምፒውተሩ እየተንቀጠቀጠ ያለ መሰለው። ሁለት ማዕዘኖች፣ ለእያንዳንዱ በሰከንድ እስከ 6,400 ምት፣ በድምሩ 12,800። እስኪ አባዙት፦ 12,800 በ11.7 ማይክሮሰከንድ። ከእያንዳንዱ ሰከንድ 0.15 ሰከንድ ይሆናል፤ 15 በመቶ! በመውረድ ላይ ላለው ኮምፒውተር የተረፈው ጊዜ ደግሞ ከዚያ ብዙም አይበልጥም ነበር። በየ2 ሰከንዱ የሚጀምረው ዋናው የማረፊያ ስሌት ሳያልቅ ሌላ ስሌት ይጀመራል፣ ሥራ በሥራ ላይ ይከመራል፣ ቦታ ያልቃል፤ 1202።

ልብ በሉ፤ ጊዜውን የበላው ለማፋጠን የተሠራው ሃርድዌር ነው። ጥፋቱ ሃርድዌር መሆኑ አልነበረም፤ ተራ አስከባሪው ሳያየው መንገዱን ስለሚሻማ ነው። ያዳናቸው ደግሞ የተራ አስከባሪው ፕሮግራም ነው። ሲጨናነቅ ራሱን ያስነሳል፣ የማያስፈልጉትን ሥራዎች ይጥላል፣ የማረፊያውን ስሌት ካቆመበት ይቀጥላል። ከምድር "ቀጥሉ" ማለት የተቻለውም ለዚህ ነው።

ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ ሲ. ኤል. ሊዩ እና ጄምስ ሌይላንድ ለጉዳዩ ሒሳብ አወጡለት። ቶሎ ቶሎ ለሚመለስ ሥራ ቅድሚያ ብትሰጡና ሥራዎቹ ከፕሮሰሰሩ ጊዜ 69 በመቶውን ብቻ ቢወስዱ፣ ቁጥራቸው ምንም ያህል ቢበዛ አንዱም እንደማይዘገይ አረጋገጡ። ድንቅ ውጤት ነው፤ ዛሬም ይማሩታል። ነገር ግን ስሌቱ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው መቀየር በነፃ ነው ብሎ ይነሳል። በተግባር ነፃ አይደለም። አንድ የሞተር መቆጣጠሪያ በሰከንድ 20,000 ጊዜ መንቃት አለበት እንበል፤ በየ50 ማይክሮሰከንዱ ማለት ነው። ተራ አስከባሪው ለመወሰንና ሥራ ለመቀየር 10 ማይክሮሰከንድ ከፈጀ፣ አንድ አምስተኛው ጊዜ ሥራ ሳይሠራበት አለቀ። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሰልፉ ሲረዝም ፍለጋው መርዘሙ ነው፤ አንዳንዴ 4፣ አንዳንዴ 10 ማይክሮሰከንድ። ይኼ መዋዠቅ ነው የሪል ታይም ሰዎችን እንቅልፍ የሚነሳቸው።

ሃርድዌር ይህን እንዴት ያሻሽለዋል? 64 ሥራ ተሰልፏል፤ ከሁሉ የሚበልጠውን ፈልጉ ብትባሉ፣ ተራ ፕሮግራም አንዱን ከአንዱ እያወዳደረ 63 ጊዜ ሊያነጻጽር ይችላል። በወረዳ ግን እንደ ጥሎ ማለፍ ውድድር ማድረግ ይቻላል። 32 ማነጻጸሪያዎች በአንድ ጊዜ 32 ግጥሚያ ያካሂዳሉ፤ አሸናፊዎቹ 32 ወደ 16፣ ወደ 8፣ ወደ 4፣ ወደ 2፣ ከዚያ ዋንጫ። 6 ዙር ብቻ! ሰልፉ ውስጥ 3 ሥራ ይኑር 60፣ ዙሩ ያው 6 ነው። ዋናው ጥቅም ይኼ ነው፤ ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን ሁልጊዜ እኩል መሆኑ። ዋጋም አለው እንግዲህ። እነዚያ ማነጻጸሪያዎች በሲሊኮን ላይ ቦታ ይይዛሉ፣ ኃይል ይጠጣሉ። ከ64 በላይ ሥራ ከመጣ ደግሞ 65ኛው የሚገባበት የለም።

ይህን ሐሳብ ለገበያ ካቀረቡት ቀዳሚዎች አንዱ የእንግሊዙ ኢንሞስ ኩባንያ ነው። ብሪስቶል ውስጥ ዴቪድ ሜይ የነደፈው ትራንስፒውተር የተባለ ፕሮሰሰር በ1985 ሲወጣ ተራ አስከባሪው በውስጡ ነበር። የሥራዎቹን ሰልፍ የፊትና የኋላ ጫፍ የሚያመለክቱ ሬጅስተሮች አሉት፤ አንድ ሥራ መልእክት ለመጠበቅ ሲቆም ፕሮሰሰሩ ራሱ ቀጣዩን ያነሳል። ሲቀያየርም መቀመጥ ያለበት ነገር በጣም ጥቂት እንዲሆን ተደርጎ ስለተነደፈ ከ1 ማይክሮሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከሥራ ወደ ሥራ ይዘል ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ተአምር ነው። ሆኖም የቅድሚያ ደረጃው ሁለት ብቻ፦ ከፍተኛና ዝቅተኛ። ሦስተኛ ደረጃ የፈለገ መሐንዲስ የቺፑን ተራ አስከባሪ ትቶ የራሱን በፕሮግራም መጻፍ ነበረበት፤ ያኔ ደግሞ ጥቅሙ ይጠፋል። ጥሩ ፈጠራ በአንድ ትንሽ ውሳኔ እንዲህ ይታሰራል።

በ1991 ስዊድን፣ ቬስተሮስ አካባቢ፣ ሌናርት ሊንድ እና ባልደረባው ፋስትቻርት ያሉትን ንድፍ አቀረቡ። የእነሱ ትኩረት ከፍጥነትም በላይ አንድ ሥራ መቼ እንደሚጀምር በእርግጠኝነት ማወቅ ነበር፤ ተራ የማስከበሩን ሥራ በሙሉ ወደ ሃርድዌር አወረዱት። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ከማንኛውም ተራ ፕሮሰሰር ጎን ሊቀመጥ የሚችል ራሱን የቻለ ክፍል ወደ መሥራት ሄደ። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ስፕሪንግ ለተባለው የምርምር ሥርዓት ረዳት ቺፕ ተነድፏል። ይኼኛው "አሁን ማን?" ብቻ ሳይሆን "ይህን አዲስ ሥራ ብቀበል ሁሉም በሰዓቱ ይደርሳሉ?" የሚለውንም የሚያሰላ ነበር፤ በፕሮግራም ሲሠራ በጣም ከባድ ስሌት ነው።

እዚህ ላይ "ታዲያ ለምን ሁሉም ቺፕ እንዲህ አልሆነም?" ብላችሁ ብትጠይቁ ትክክል ናችሁ። መልሱን ለማየት ሌላ ፕላኔት መሄድ አለብን።

ጁላይ 4፣ 1997 ማርስ ፓዝፋይንደር ማርስ ላይ አረፈ። ፎቶዎች መጡ፣ ዓለም ተደሰተ። ከቀናት በኋላ ግን ኮምፒውተሩ በራሱ እየጠፋ መነሳት ጀመረ፤ በተነሳ ቁጥርም የዕለቱ ሥራ ይስተጓጎላል። ምክንያቱን እንዲህ አስቡት። አንድ ክፍል አለ፤ ቁልፉም አንድ። ትንሹ ሠራተኛ፣ የአየር ሁኔታ መረጃ የሚሰበስበው ሥራ፣ ቁልፉን ይዞ ገብቷል። አለቃው፣ የመረጃ መስመሩን የሚያስተዳድረው ሥራ፣ ደጅ ቆሞ ቁልፉን ይጠብቃል። እስካሁን ችግር የለም፤ ትንሹ ቶሎ ጨርሶ ይወጣል። በመሃል ግን መካከለኛ ሠራተኛ ይመጣና ትንሹን "ቁም፣ እኔ እበልጥሃለሁ" ይለዋል፤ ረጅም ሥራውንም ይጀምራል። ትንሹ ቁልፉን እንደያዘ ቆመ። አለቃው ከሁሉም በላይ ሆኖ ሳለ ከመካከለኛው በኋላ ቀረ! ኮምፒውተሩም አለቃው ሥራውን በሰዓቱ አለመጨረሱን ሲያይ ነገር ተበላሽቷል ብሎ ራሱን ያስነሳል።

መድኃኒቱ በ1990 በታተመ ጥናት ይታወቅ ነበር፦ ትንሹ ቁልፉን ይዞ እስካለ ድረስ የአለቃውን ሥልጣን ይዋስ። ፓዝፋይንደር የሚጠቀምበት ቪ.ኤክስ.ወርክስ የተባለ ሥርዓትም ይህ አማራጭ ነበረው፤ ለዚያ ቁልፍ ግን አልተከፈተም ነበር። መሐንዲሶቹ ምድር ላይ ባለው ተመሳሳይ ኮምፒውተር ችግሩን ደጋግመው ፈልገው አገኙት፤ ከዚያ ወደ 190 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አሻግረው ማስተካከያ ላኩና አማራጩን ከፈቱት። መነሳቱም ቆመ።

አሁን አስቡት፤ ያ ተራ አስከባሪ በሲሊኮን ተቀርጾ ቢሆንና ሥልጣን መዋስን የማያውቅ ቢሆን ማን ማርስ ድረስ ሄዶ ቺፕ ይቀይራል? በእኔ እምነት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከፍጥነቱ ይልቅ የሚከብደው ጥያቄ የትኛውን ውሳኔ ለዘላለም ማድረቅ እንደምንደፍር ነው። ሃርድዌር ፈጣንና እርግጠኛ ነው፣ ግን ሐሳቡን አይቀይርም።

ስለዚህ ገበያው መካከለኛ መንገድ መረጠ። ሙሉውን ተራ አስከባሪ ሳይሆን እጆቹን ወደ ሃርድዌር አወረዱ። በ2004 የወጣውን አርም ኮርቴክስ ኤም3 እንይ፤ የእሱ ቤተሰብ ዛሬ በብዙ የቤት ዕቃ ውስጥ አለ። አስቸኳይ ጥሪ፣ ኢንተረፕት የሚሉት፣ ሲመጣ የትኛው እንደሚበልጥ የሚያነጻጽረው ወረዳ ነው፤ የተቋረጠውን ሥራ 8 ሬጅስተሮችም ራሱ ያስቀምጣል። ማኅደረ ትውስታው ካላዘገየው ይህ ሁሉ 12 የክሎክ ምት ይፈጃል። አንዱ ጥሪ አልቆ ሌላ እየጠበቀ ከሆነ ደግሞ ሬጅስተሮቹን መልሶ ማውጣትና እንደገና ማስገባቱን ዘልሎ በ6 ምት ያሸጋግራል። "ከግራ በኩል ስንት ዜሮ አለ?" የሚለውን በአንድ ጊዜ የሚመልስ ትእዛዝም አለው። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ለ32 የቅድሚያ ደረጃዎች 32 ቢት መድባችሁ ዝግጁ ሥራ ያለበትን ደረጃ 1 ብታደርጉት፣ ከሁሉ የሚበልጠውን ለማግኘት ያቺ አንዲት ትእዛዝ ትበቃለች። ፍሪአርቶስ የተባለው በነፃ የሚገኝ ሥርዓት ይህችን ዘዴ ይጠቀማል። ማን ለማን ቁልፍ ያውሳል፣ ማን መቼ ይነቃል የሚለው ፖሊሲ ግን ሊቀየር በሚችል ፕሮግራም ውስጥ ቀረ።

ሙሉ በሙሉ የገቡበትም አልጠፉም። የጃፓኑ ሬኔሳስ ለፋብሪካ ኔትዎርክ ባወጣቸው አር-ኢን32ኤም3 ቺፖች ውስጥ ተራ አስከባሪውን በሃርድዌር አስቀምጦታል፤ እዚያ ሥራው አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ማድረቁ ብዙ አያሰጋም። ዴቪድ ሜይ ደግሞ ከትራንስፒውተር 20 ዓመት በኋላ ኤክስሞስ የተባለ ኩባንያ ሲመሠረት ተመልሶ መጣ። የኤክስሞስ ፕሮሰሰር እስከ 8 ለሚደርሱ ሥራዎች የየራሳቸውን ሬጅስተር ይሰጥና በየምቱ ያፈራርቃቸዋል። መንገዱን ሰፋ አድርጎ ተራ አስከባሪውን ወደ መርሳት የሚጠጋ ሐሳብ ነው።

የአፖሎው ችግር የጠፋ ግን እንዳይመስላችሁ። ዛሬ በየቺፑ ዲ.ኤም.ኤ. የሚባል ክፍል አለ፤ ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር መረጃን ከቦታ ቦታ ያመላልሳል። የእነዚያ የራዳር ቆጣሪዎች የልጅ ልጅ ነው በሉት። የሚያመላልሰውም በዚያው ፕሮሰሰሩ በሚጠቀምበት መስመር ላይ ነው፤ ተራ አስከባሪው አሁንም አያየውም።

ሰማያዊዋን ርካሽ ኤስ.ቲ.ኤም.32 ሰሌዳ የያዛችሁ ካላችሁ ይህን ራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ። በውስጧ ያለው ኮርቴክስ ኤም3 በ72 ሜጋኸርዝ ይሮጣል፤ 12 ምት ማለት 0.17 ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው። የአፖሎ ኮምፒውተር አንዲት ምት በሚቆጥርባት 11.7 ማይክሮሰከንድ ውስጥ 70 ጊዜ መቋረጥ ትችላለች እንደ ማለት ነው። በየተወሰነ ጊዜ የሚነሳ ሥራ ጻፉላት፤ ሲነሳ አንዲቱን ፒን ያብራ። ኦሲሎስኮፕ ባይኖራችሁም ቺፑ ውስጥ የክሎክ ምቶችን የሚቆጥር ቆጣሪ አለ፤ እሱን አንብቡና በሁለት መነሳት መካከል ስንት ምት እንዳለፈ መዝግቡ። መቶ ጊዜ ያህል ለኩ፣ ትንሹንና ትልቁን አወዳድሩ። ከዚያ ዲ.ኤም.ኤውን አብሩና እንደገና ለኩ።